አንድ ቶን ስንት ምጣድ ነው? የሙቀት ኃይል መለኪያዎችን ለመቀያየር

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ሃያ ዓመቴ ነው። ያደግሁት እዚሁ ላስ ቬጋስ ስለሆነ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። የሳይንስ ቃል ላይ ብሳሳት እንደ ታናሽ እህት አርሙኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቢቲዩ፣ ስለ ዋት፣ ስለ ኪሎካሎሪ እና ስለ ኤሲ "ቶን" ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ባለፈው ሐምሌ ከነዚህ አንዱን ወደ ሌላው ስቀይር ተሳስቼ አያቴን ሁለት ሰዓት ያህል ሙቀት ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ትምህርት ነው ብዬ አላውቅም።

የዚያ ቅዳሜ ነገር

አያቴ ከጎንደር ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጎንደር በሐምሌ ዝናብና ጋቢ ነው፤ እዚህ ሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በከተማችን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ሙቀት 120 ፋራናይት ሲሆን የተመዘገበውም እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ይህም ወደ 49 ሴልሺየስ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በክላርክ ካውንቲ ከሙቀት ጋር በተያያዘ ከ500 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

እኛ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቀኑ በ10 ሰዓት፣ በስልካችሁ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ፣ የአፓርትመንታችን ኤሲ ቆመ። ውጪው 112 ፋራናይት ነበር። የአከራዩ ቢሮ ስልክ አያነሳም። እናቴ ሮጣ ሄዳ ካርቶኑ ላይ በትልቁ "10,000 ቢቲዩ" የሚል ተንቀሳቃሽ ኤሲ ገዝታ መጣች። ከካርቶኑ አውጥተን ሳሎን አቆምነውና እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ሳይንስ የምትማሪው፣ ይቺ ለእማማ ትበቃለች?"

ማሽኑን አዙሬ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ። "1,150 ዋት" ይላል። አንድ ዋት 3.412 ቢቲዩ በሰዓት መሆኑን ስልኬ ነገረኝና አባዛሁ፦ 1,150 × 3.412 = 3,924። "እማዬ፣ አታለውሻል" አልኳት። "10,000 ነው ያሉት 4,000 እንኳን አይሞላም።" እናቴ አመነችኝ። ወንድሜን ይዛ፣ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ መልሳ፣ ልትመልሰው ወጣች።

እኔ ከአያቴ ጋር ቀረሁ። የቤቱ ቴርሞስታት 93 ያሳያል፤ ወደ 34 ሴልሺየስ ነው። አያቴ መጀመሪያ ስለ ጎረቤቶቻቸው ያጫውቱኝ ነበር። ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ውሃ ስሰጣቸው "ይቆይ ልጄ" ማለት ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው "ራሴን አዞረኝ" አሉኝ። ደንግጬ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በጥገና ክፍል ነው የሚሠራው። "ስንት ቶን ነው የገዛችሁት?" አለኝ። ቶን የሚባለውን አላውቅም ብዬ ያሰላሁትን በሙሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለ፦

"ልጄ፣ ብዜቱ ትክክል ነው። ያባዛሽው ግን ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ጋ ደውዪ፤ ማሽኑን ይዛ ትመለስ። እማማን ግን አሁኑኑ አቀዝቅዢያቸው።"

ያንን ማታ እንዴት እንዳለፍነው ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እኔ ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለውን ነገር ላስረዳ።

ጀሪካንና ቧንቧ

በአማርኛ "ኃይል" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ቃላት እለያለሁ። "ጉልበት" ስል ጠቅላላውን መጠን ማለቴ ነው። "ኃይል" ስል ደግሞ ያ ጉልበት በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማለቴ ነው።

ውሃ አስቡ። ጀሪካን ውስጥ ያለው 20 ሊትር ውሃ ጉልበቱ ነው። ከቧንቧው በደቂቃ የሚወርደው ውሃ ኃይሉ ነው። አንድን ጀሪካን በቀጭን ቧንቧ በአንድ ሰዓት፣ በወፍራም ቧንቧ በአንድ ደቂቃ መሙላት ይቻላል። ውሃው ያው 20 ሊትር ነው፤ ቧንቧዎቹ ግን አንድ አይደሉም።

ጁል፣ ካሎሪ፣ ቢቲዩ እና ኪሎዋት-ሰዓት ጀሪካኖች ናቸው። ኤንቪ ኢነርጂ መብራት የሚያስከፍለን በኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ ሳውዝዌስት ጋዝ ደግሞ በቴርም። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ወይም 29.3 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። የወሩ ቢል ስንት ጀሪካን እንደወሰዳችሁ ይቆጥራል።

ዋት፣ ቢቲዩ በሰዓት፣ ኪሎካሎሪ በሰዓት እና የኤሲ ቶን ደግሞ ቧንቧዎች ናቸው። ዋት ጊዜውን ውስጡ ደብቆ ይዟል፤ አንድ ዋት ማለት በየሰከንዱ አንድ ጁል ነው። ለዚህ ነው "ዋት በሰዓት" የማይባለው። ቢቲዩ ግን ጊዜውን ከውጭ ነው የሚፈልገው። የኤሲ ካርቶኖች "10,000 ቢቲዩ" ብለው ያቆሙና "በሰዓት" የሚለውን ይተዉታል። እናንተ በልባችሁ ጨምሩበት። የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፦ ማንኛውንም ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት "በስንት ጊዜ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጀሪካንን ወደ ቧንቧ መቀየር የሚቻለው ጊዜው ከታወቀ ብቻ ነው።

አራቱ ቋንቋዎች

ሁለት ቋንቋ እየተናገርን ያደግን ልጆች እንደምናውቀው፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ መተርጎሙ ይቀላል። መለኪያም እንደዚያው ነው።

ቢቲዩ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት የሚያሞቅ ጉልበት ነው። ኪሎካሎሪ ደግሞ አንድ ኪሎግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቅ ነው። የሁለቱን ግንኙነት ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ 2.205 ፓውንድ ነው። የአንድ ሴልሺየስ ጭማሪ 1.8 ፋራናይት ነው። 2.205 × 1.8 = 3.97። ስለዚህ አንድ ኪሎካሎሪ ወደ አራት የሚጠጋ ቢቲዩ ነው። እዚህ ላይ 32 የሚባለውን ቁጥር አልነካንም። 32 የሚደመረው ቴርሞሜትር ላይ ያለውን ንባብ ስንቀይር ነው፤ ጭማሪን ወይም ልዩነትን ስንቀይር አይደመርም። የታማሚ ትኩሳት በ1 ሴልሺየስ ጨመረ ከተባለ በ1.8 ፋራናይት ጨመረ ማለት እንጂ በ33.8 ጨመረ ማለት አይደለም።

ቶን ከሁሉም የሚገርመው ነው። ማቀዝቀዣ ማሽን ከመስፋፋቱ በፊት በአሜሪካ በክረምት ከሐይቅ በረዶ እየተቆረጠ ይሸጥ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ገዢው የሚጠይቀው "በቀን የስንት ቶን በረዶ ሥራ ይሠራል?" ብሎ ነበር፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የአሜሪካ ቶን 2,000 ፓውንድ ነው። አንድ ፓውንድ በረዶ ሲቀልጥ 144 ቢቲዩ ሙቀት ይወስዳል። 2,000 × 144 = 288,000 ቢቲዩ። ይህ በ24 ሰዓት ሲካፈል 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ይሆናል። አጎቴ "ሦስት ቶን" ሲል የማሽኑን ክብደት እየነገረኝ አይደለም፤ በሰዓት 36,000 ቢቲዩ ሙቀት ከቤት ያወጣል ማለቱ ነው።

ዋት የዓለም መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ስለ ምጣድም ስለ ቦይለርም ሲያወራ በዋትና በኪሎዋት ነው። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ካርቶኑ በቢቲዩ፣ አጎቴ በቶን፣ የአክስቴ ልጅ በኪሎዋት፣ እኔ ደግሞ ከነርሲንግ መጽሐፌ በኪሎካሎሪ እናወራለን። ሁላችንም የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው።

ማስታወሻችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦

1 ኪሎዋት = 3,412 ቢቲዩ በሰዓት = 860 ኪሎካሎሪ በሰዓት
1 ቶን = 12,000 ቢቲዩ በሰዓት = 3,517 ዋት = 3,024 ኪሎካሎሪ በሰዓት
1 ኪሎካሎሪ በሰዓት = 1.163 ዋት = 3.97 ቢቲዩ በሰዓት
1,000 ቢቲዩ በሰዓት = 293 ዋት

አቋራጮችም አሉ። ከቢቲዩ በሰዓት ወደ ዋት ለመሄድ በ10 አካፍላችሁ በ3 አባዙ። 10,000 ቢቲዩ በሰዓት 3,000 ዋት ይመጣላችኋል፤ ትክክለኛው 2,931 ስለሆነ ለሱቅ ይበቃል። በቀን የሚቆጠር ኪሎካሎሪን ወደ ዋት ለመቀየር ደግሞ በ20 አካፍሉ። መፈተሻም አለ፦ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የቢቲዩ በሰዓት ቁጥር ሁልጊዜ ከዋቱ ቁጥር ይበልጣል። ከቢቲዩ ወደ ዋት ቀይራችሁ ቁጥሩ ካደገ፣ ማካፈል ሲገባችሁ አባዝታችኋል።

ምጣዱ

ቁጥር ይረሳል፤ ምጣድ አይረሳም። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። መሃሉን 3.5 ኪሎዋት ብንወስድ ወደ 11,900 ቢቲዩ በሰዓት ይሆናል። አንድ ቶን ማለት ነው! ስለዚህ አንድ ቶን ኤሲ፣ ጥዶ እንጀራ የሚጋግር አንድ የአዲስ አበባ ምጣድ የሚሰጠውን ሙቀት ከቤት ማውጣት የሚችል ማሽን ነው። ባለ ሦስት ቶን ኤሲ ሦስት ምጣድ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ 12,000ንም 3,517ንም ረስቼ አላውቅም።

እዚህ አሜሪካ ያሉት ምጣዶች ያንሳሉ። የተለመደው የቤት ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን መስመሩ 15 አምፔር ከሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አይሸከምም። ስለዚህ እናቶቻችን የሚጋግሩበት ምጣድ ብዙ ጊዜ 1,500 ዋት ገደማ ነው። 1,500 × 3.412 = 5,118 ቢቲዩ በሰዓት። ምጣዱ የሚወስደው መብራት በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ተቀይሮ ቤት ውስጥ ይቀራል። እንፋሎቱም ቢሆን ኤሲውን ያደክመዋል፤ ማሽኑ እርጥበቱን መልሶ ውሃ ማድረግ አለበትና። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ እንጀራ መጋገር ማለት ከኤሲያችሁ ላይ ግማሽ ቶን የሚጠጋ መቀነስ ማለት ነው። እኛ ቤት አሁን በበጋው ጎህ ሲቀድ ነው የሚጋገረው።

ስህተቴ የት ላይ ነበር?

1,150 ዋትን በ3.412 ማባዛት ስህተት አልነበረውም። 3,924 ትክክለኛ መልስ ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው 1,150 ዋት ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 10,000 ቢቲዩ በሰዓት ደግሞ ማሽኑ ከክፍሉ የሚያወጣው የሙቀት ኃይል ነው።

አጎቴ ያስረዳኝ በተሸካሚ ነው። ኤሲ ብርድ አይሠራም፤ ሙቀት ይሸከማል። ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ውጪ ያራግፋል። 1,150 ዋቱ ተሸካሚው የሚበላው ምሳ ነው። 10,000 ቢቲዩው የሚያነሳው ሸክም ነው። እኔ የምሳውን መጠን አይቼ "ይሄ ሰውዬ ኩንታል አያነሳም" ብያለሁ። ሰው ከሚበላው ምሳ ክብደት በላይ እንደሚሸከም ሁሉ ኤሲም ከሚወስደው ኤሌክትሪክ በላይ ሙቀት ያንቀሳቅሳል። ምጣድ ግን እንዲህ አይደለም። ምጣድ አይሸከምም፤ መብራቱን ራሱን ነው ወደ ሙቀት የሚቀይረው። ለዚህ ነው የምጣድን ዋት ቀጥታ በ3.412 ማባዛት የሚቻለው፣ የኤሲን ግን የማይቻለው።

ሸክሙ ለምሳው ሲካፈል የማሽኑ ብቃት ይገኛል። 10,000 ሲካፈል ለ1,150 ወደ 8.7 ይመጣል። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ ዋት ኤሌክትሪክ ስንት ቢቲዩ በሰዓት እንደሚወጣ ይነግራችኋል፤ ከፍ ያለው ማሽን ቢሉን ዝቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ካርቶኑን ደግሜ ሳየው በጎኑ በትንሹ "6,500 ቢቲዩ" የሚል ሌላ ቁጥር ነበረበት። ተንቀሳቃሽ ኤሲ ሁለት መለኪያ አለው። ትልቁ አሽሬ የሚባለው የቆየ መለኪያ ሲሆን ትንሹ ሳክ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት መለኪያ ነው። ባለ አንድ ቱቦ ማሽን የክፍሉን አየር ወደ ውጪ ሲገፋ በምትኩ የውጪ ሙቅ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ትንሹ ቁጥር ይህንንና ቱቦው ራሱ የሚለቀውን ሙቀት ይቆጥራል። ማሽኖችን ስታወዳድሩ ትንሹን ከትንሹ ጋር አወዳድሩ። እንግዲህ ማሽናችን 4,000 አልነበረም፤ ለቤቱ በሙሉ የሚበቃ 10,000ም አልነበረም። ኢነርጂ ስታር ከ150 እስከ 250 ስኩዌር ፊት ለሚሆን ክፍል ወደ 6,000 ቢቲዩ በሰዓት ይመክራል፤ ከሁለት ሰው በላይ ላለበት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ይጨመራል፣ ወጥ ቤት ከሆነ 4,000። የአያቴ መኝታ ቤት 12 በ12 ፊት፣ 144 ስኩዌር ፊት ነው። ስለዚህ ለእናቴ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ "ለሳሎኑ አትበቃም፣ መኝታ ቤት አስገብተን በሩን ከዘጋን ግን ለእማማ ትበቃለች" የሚል ነበር። በሁለት ደቂቃ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነበር።

የሰው ገላም ኃይል አለው

እስካሁን ስለ ማሽን አወራን። እኔ ግን የምማረው ስለ ሰው ነው፤ እነዚህ መለኪያዎች ሰውም ላይ ይሠራሉ።

በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ የሚበላ ሰው የበላው ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። 2,000 በ24 ሲካፈል 83 ኪሎካሎሪ በሰዓት፤ በ1.163 ሲባዛ 97 ዋት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደ አንድ የድሮ 100 ዋት አምፖል ይሞቃል።

አያቴን አስቡ። 60 ኪሎ የምትመዝን፣ በእረፍት ላይ ያለች ትልቅ ሴት በቀን 1,400 ኪሎካሎሪ ታመነጫለች እንበል። ይህ 58 ኪሎካሎሪ በሰዓት ወይም 68 ዋት ነው። የሰው ገላ አንድ ኪሎውን በአንድ ሴልሺየስ ለማሞቅ 0.83 ኪሎካሎሪ ያህል ይፈልጋል። 60 × 0.83 ወደ 50 ኪሎካሎሪ ነው። አሁን ሁለቱን አስተያዩ። በሰዓት 58 እየተመረተ ምንም ካልወጣ፣ የገላው ሙቀት በአንድ ሰዓት ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ይህ የማይደርስበት ሙቀቱ ያለማቋረጥ ስለሚወጣ ነው።

የሚወጣው እንዴት ነው? ቆዳችን 35 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ በራሱ ከቆዳ ወደ አየር ይሄዳል። ክፍሉ 34 ሲደርስ ይህ መንገድ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፤ ከዚያ ካለፈ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ያኔ የቀረው ላብ ብቻ ነው። ላብ ትልቅ ማሽን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ያህል ይወስዳል። በአንድ ሰዓት ከተነነ 675 ዋት ወይም 2,300 ቢቲዩ በሰዓት ነው፤ ትንሽ ኤሲ ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን ላብ ይቀንሳል፣ የውሃ ጥም ስሜቱም ይደክማል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ገላ ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ያደርጋሉ። "ይቆይ ልጄ" የሚለው ቃል እርካታ አልነበረም፤ ምልክት ነበር። እኔ ምልክቱን የተማርኩት ባለፈው ሴሚስተር ነው፤ ቤቴ ውስጥ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም።

አጎቴ "አቀዝቅዢያቸው" ሲለኝ ነጠላቸውን በውሃ አርጥቤ አንገታቸውና ክንዳቸው ላይ አደረግሁና በማራገቢያ አናፈስኩ። ላቡ ያልሠራውን ሥራ ውሃው እንዲሠራ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አጠጣኋቸው። እናቴ መጣች፤ ማሽኑን መኝታ ቤት አስገብተን በሩን ዘጋን። ክፍሉ 80 ፋራናይት ሲደርስ አያቴ "አሁን ቡና የሚያፈላ ሰው የለም?" አሉ። እናቴ ሳቀች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እድለኞች ነበርን። አንድ ሰው ሙቀት ውስጥ ቆይቶ ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ራሱን ከሳተ ወይም የገላው ሙቀት 40 ሴልሺየስ፣ ማለትም 104 ፋራናይት ከደረሰ ይህ የሂሳብ ጊዜ አይደለም፤ 911 ደውሉ፣ እስኪመጡም አቀዝቅዙት። ክላርክ ካውንቲ በሙቀት ወቅት ማንም ገብቶ የሚያርፍባቸው ቀዝቃዛ ቦታዎች ይከፍታል። ለተከራዮችም አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በኔቫዳ ሕግ ኤሲ ከአስፈላጊ አገልግሎቶች አንዱ ነው። በጽሑፍ ካሳወቃችሁ አከራዩ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ማስጠገን መጀመር አለበት። በቃል መንገር አይበቃም፤ ጻፉ፣ ቅጂውንም ያዙ።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ

የፈረስ ጉልበት ከሚባለውም ተጠንቀቁ። የሞተር የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። የትልልቅ ሕንፃዎች የእንፋሎት ቦይለር የሚለካበት የፈረስ ጉልበት ግን 33,475 ቢቲዩ በሰዓት፣ ወደ 9,810 ዋት ነው። ስማቸው አንድ፣ መጠናቸው ከ13 እጥፍ በላይ የተለያየ። በእስያ ገበያ ደግሞ ኤሲ በፈረስ ጉልበት ይሸጣል፤ እዚያ "አንድ" የሚሉት 9,000 ቢቲዩ በሰዓት ገደማ ነው። ስሙን ሳይሆን የሚለካውን ጠይቁ።

መልመጃ

አንደኛ። ቤታችሁ ለቡና 12 እንግዶች መጡ። እያንዳንዱ 100 ዋት ቢሰጥ ኤሲው ላይ ስንት ይጨመራል? 12 × 100 = 1,200 ዋት። በ3.412 ሲባዛ 4,094 ቢቲዩ በሰዓት። የቶን አንድ ሦስተኛ ነው፤ የከሰሉና የጀበናው ሳይቆጠር። ከሰሉን ነገር በተዘጋ ቤት አታንድዱት። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ ኤሲ ደግሞ ጋዙን ከቤት አያወጣውም።

ሁለተኛ። ባለ ሦስት ቶን ኤሲ ከቤት የሚያወጣው ስንት ኪሎዋት ነው? በእያንዳንዱ ዋት 10 ቢቲዩ በሰዓት የሚያወጣ ቢሆንስ ስንት ኤሌክትሪክ ይወስዳል? ሸክሙ 36,000 ቢቲዩ በሰዓት ወይም 10.55 ኪሎዋት ነው። ምሳው 36,000 ሲካፈል ለ10፣ 3,600 ዋት ነው። ሁለቱም ዋት ናቸው፣ ግን አትደባልቋቸው።

ሦስተኛ፣ ለደስታ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶ፣ በመስመር ላይ ምንም ሳይባክን፣ ሁሉም ለምጣድ ቢውል ስንት ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በአንድ ጊዜ ያስጥዳል? 5,150,000 ኪሎዋት ሲካፈል ለ3.5 ወደ 1.47 ሚሊዮን ምጣድ። በሙቀት ቋንቋ ደግሞ ወደ 1.46 ሚሊዮን ቶን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደተቀራረቡ አሁን ታውቃላችሁ።

አያቴ ወደ ጎንደር ከመመለሳቸው በፊት አንድ ቀን ሱቅ አብረን ሄድን። ኤሲዎቹ የተደረደሩበት ጋ ሲደርሱ ቆሙና "ይሄኛው ስንት ምጣድ ነው?" አሉኝ። 8,000 ነበር። "ሁለት ሦስተኛ ምጣድ ነው እማማ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "በእንጨት ነው በመብራት?" አሉ።

በመብራት ነው አልኳቸው። የእንጨቱ ሌላ ስሌት ነው፤ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ በጭሱና በጎን ይሄዳል። "እሱንማ እኔ አውቃለሁ" አሉኝ።